ለቤተሰብም ለጎረቤትም የሚሆን የቴሌቪዥን ኮሜዲ መርጦ ስለመምከር

ጎንደር ውስጥ የበዓል ሰሞን ሲደርስ፣ ወይም ክረምቱ ገብቶ ከቡና በኋላ ከቤት መውጣት ሲከብድ፣ «እስቲ የሚያስቅ ነገር ንገረኝ፤ ማታ ከልጆቹ ጋር ልየው» የሚል ጥያቄ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም ይመጣል። ጥያቄው ቀላል ስለሚመስል አብዛኞቻችን ብዙም ሳናስብ እኛን ያሳቀንን ተከታታይ ሥራ ስም ጠርተን እንሄዳለን። ጠያቂው ሳምንት ሙሉ ስለ ጉዳዩ አንዳች ሳያነሣ ሲቀር ግን ምክሩ እንዳልሠመረ እንረዳለን። ለዘመዶቼና ለጎረቤቶቼ ለዓመታት ኮሜዲ ስመርጥ የተገነዘብሁት፣ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው ጥራት የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ሥራው ግሩም ሆኖ ሳለ ለዚያ ቤት፣ ለዚያ ሰዓትና ለእነዚያ ሰዎች የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ በፊት መታየት ያለበት ቴሌቪዥኑ ፊት የሚቀመጠው ሰው ነው።

ይህን ጥበብ አዝማሪዎቻችን አሳምረው ያውቁታል። በከተማችን አዝማሪ ቤት የገባ ሰው እንደሚያስተውለው፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየቃኘ ዓይኑን በተቀመጡት ላይ ያዞራል፤ ሽማግሌውን፣ ሙሽራውንና ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ለይቶ ግጥሙን እንደየሰዉ ይሰጣል። አንዱን የሚያስቀው ስንኝ ሌላውን እንደሚያስከፋ ያውቃልና አፉን ከመክፈቱ በፊት ፊት ያነብባል። ኮሜዲ የሚመክር ሰውም ስም ከመጥራቱ በፊት እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

አስቀድሞ የሚጠየቀው

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ጋር ነው የሚያዩት?» የሚለው ነው። በብዙዎቻችን ቤት ቴሌቪዥኑ አንድ ሲሆን የሚቀመጠውም ሳሎን ነው፤ አያት፣ እናት፣ ተማሪ ልጆችና ለሕክምና ወይም ለገበያ ከገጠር የመጣ ዘመድ አብረው ያዩታል። አማች ወይም ምራት በተቀመጡበት የመኝታ ቤት ወሬ የሚያበዛ ኮሜዲ ቢከፈት ቀልዱ የቱንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን የሚስቅ አይኖርም፤ ሁሉም በዓይኑ ሪሞቱን ይፈልጋል። ተመሳሳዩ ሥራ በማራኪ ግቢ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በላፕቶፕ ለሚያይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ምንም ችግር የለበትም። ከእ.ኤ.አ. 1994 እስከ 2004 በ236 ክፍሎች የተላለፈው «ፍሬንድስ» የዚህ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከግማሽ ሰዓት ስለማያልፍ ከጥናት በኋላ ለማረፍ ይመቻል፣ የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ለማዳመጥም ይረዳል፤ ለቤተሰብ ሳሎን ግን አልመክረውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቋንቋን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ እኔም አንድ ጊዜ በድያለሁ። አክስቴ ጉልበታቸውን ታመው ከቤት መውጣት ባቆሙበት ወራት እንዲጫወቱ ብዬ በጣም የምወደውን አንድ የእንግሊዝኛ ኮሜዲ በፍላሽ አስጭኜ ወሰድሁላቸው። ሥራው በንግግር የተሞላ ነበርና የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ እያቆመ ይተረጉምላቸው ጀመር። አክስቴ በትሕትና «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላሉ እንጂ አንድም ጊዜ አልሳቁም፤ ልጁም ቀልዱን ሲያስረዳ ደከመው። ቀልድ ተብራርቶ ሲቀርብ ሞቶ እንደሚቀርብ ያን ቀን ገባኝ። በማግሥቱ «ሚስተር ቢን»ን ይዤ ተመለስሁ። ሮዋን አትኪንሰን የሚሠራበት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1990 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጀመረ ሲሆን ሁሉም ክፍሎቹ 15 ብቻ ናቸው፤ ሰውየው ከማጉረምረም በቀር እምብዛም ስለማይናገር አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አክስቴ በፈተና አዳራሹ ትዕይንት፣ ሰውየው የጎረቤቱን መልስ ለማየት ሲንጠራራ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ከመምከሬ በፊት አንድ ፈተና አደርጋለሁ። ከሥራው አምስት ደቂቃ ያህል ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ፤ ቀጥሎም ድምፁን ከፍቼ ፊቴን ከስክሪኑ አዞራለሁ። ድምፁ ጠፍቶ የሚያስቅ ከሆነ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰውም፣ ለሕፃንም፣ መስማት ለተሳነውም ይሆናል። ስክሪኑን ሳያዩ የሚያስቅ ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ይሰጥ። በሁለቱም የማያስቅ ከሆነ፣ የሚያስቀን የተዋናዩ ዝና ወይም የራሳችን ትዝታ ሊሆን ስለሚችል ቆም ብለን እናስብ።

ሦስተኛው ነገር ወቅቱ ነው። ዐርባው ያልወጣ ሐዘን ላለበት ቤት ኮሜዲ አይመከርም፤ ግድግዳ ለሚጋራው ጎረቤትም ቢሆን ድምፅ እንዲቀንስ ማስታወስ ተገቢ ነው። በዐቢይ ጾም፣ በተለይም በሰሙነ ሕማማት፣ ሳቅና ዘፈን ያለበትን ነገር የማይከፍቱ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። እነርሱን «ምን አለበት» ብሎ ከመገፋፋት ምክሩን ለፋሲካ ማቆየት ይሻላል፤ በፋሲካ ማታማ ቤቱ ሙሉ ስለሚሆን ምክሩ እጥፍ ዋጋ ያገኛል።

ሳቁ በማን ላይ ነው?

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ጭውውት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም የገጠር ሰው መስሎ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላ ይዞ፣ አነጋገሩን አጣምሞ መቅረብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ እንግዳ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ላይ ግን ያ ድምፅ የአያታችን፣ ቅዳሜ ገበያ እህል የሚያመጣልን የአጎታችን፣ የክርስትና እናታችን ድምፅ ነው።

አንድ የበዓል ምሽት ከደምቢያ የመጡ አጎቴ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ሳለ እንዲህ ያለ ጭውውት ተላለፈ። ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያም ሳያስቡት ዞረው አጎቴን አዩአቸው። አጎቴ ምንም አልተናገሩም። ዱላቸውን አንሥተው «ልረፍ እስቲ፣ መንገዱ አድክሞኛል» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ገና ሁለት ሰዓት ነበር። ያን ጭውውት ያመጣሁት እኔ ባልሆንም፣ ለሰው የምመርጠውን ነገር አስቀድሜ ሳላይ ላለመስጠት የወሰንሁት በዚያ ምሽት ነው።

ይህን የምለው የገጠር ሰው በኮሜዲ አይታይ ለማለት አይደለም። የኛ አገር ጨዋታ ሥሩ ከዚያው ነው። ፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ በየቡናው የሚነሡት በንግግራቸው ዜማ ምክንያት ሳይሆን፣ ሳቃቸው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በባለሥልጣኑ፣ በንፉጉና በአስመሳዩ ላይ በመሆኑ ነው፤ ቅኔ አዋቂ ስለነበሩም አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ይወጣል፣ ሰሚውም ወርቁን ለማግኘት አብሮ ይሠራል። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ባይሆንም የቀልዱ ጠባይ ግን ይኸው ነው።

ስለዚህ የአገር ውስጥ ኮሜዲ ስትመርጡ እንዲህ ፈትኑት። አስቂኝ የተባለውን ንግግር አነጋገሩን ሳታስመስሉ በተለመደው አማርኛ ድገሙት። አሁንም የሚያስቅ ከሆነ ደራሲው ሐሳብ ነበረው፤ ሳቁ ከጠፋ ግን ሲያስቅ የነበረው ሰው የተወለደበት ቀበሌ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ዓይነት እኔ ለማንም አልመክርም፤ ልጆች ባሉበት ቤትማ ፈጽሞ።

ከአገር ውስጥ ሥራዎች

ኮሜዲ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት የጻፉት፣ እንስሳትን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ሹማምንትን የሚተች ኮሜዲ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም እንዳይታይ ታግዷል። የቴሌቪዥን ሳቃችን ግን ለብዙ ዓመታት የኖረው በበዓል ዋዜማ አጫጭር ጭውውቶች ነው። ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ሰው «ያኔ የሚያስቀን ነገር የት አለ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን፣ የአለባቸው ተካንና የልመንህ ታደሰን ጭውውቶች ከዩቲዩብ ፈልጋችሁ ስጡት። የምስሉ ጥራት ደካማ ስለሆነ ወጣት ልጆች ላይታገሡት ይችላሉ፤ ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው «ይኼ እኮ ያኔ…» የሚለውን ወሬ እየሰሙ ቢያዩት ግን የተለየ ጣዕም ያገኙበታል።

ለመላው ቤተሰብ ከተጠየቅሁ መጀመሪያ የምጠራው በጥላሁን ጉግሳ መሪነት የተሠራውን «ቤቶች»ን ነው። ታሪኩ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን፣ የቤት ሠራተኞቹና ዘበኛው ሻይ አቅርበው የሚመለሱ አጃቢዎች ሳይሆኑ ነገሩን የሚያንቀሳቅሱ ዋና ተሳታፊዎች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጉዳይ ጀምሮ ስለሚጨርስ፣ መብራት ሄዶ ሁለት ሳምንት ያመለጠው ሰው በሦስተኛው ሳምንት ቢገባ አይጠፋበትም። ይህ በእኛ ከተማ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ክፍሎቹ ሁሉ እኩል የተሳኩ ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ ምክር መስጠት እየተላለፈ መሆኑ ሲታወቀው ጨዋታው የሚቀዘቅዝባቸው አሉ። ስለዚህ በደፈናው «ቤቶችን እይ» ከማለት፣ ከአነጋገሩ በላይ ነገሩ የሚያስቅበትን አንድ ክፍል መርጦ መስጠት ይመረጣል።

በፋና ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው «ምን ልታዘዝ» ከዚህ ይለያል። አንዲት ካፌ ውስጥ ሠራተኞቹና ደንበኞቹ የሚነጋገሩት የዕለቱን የአገር ጉዳይ ነው፤ ካፌዋም የአገሪቱ ምሳሌ ሆና ትቀርባለች። ሰምና ወርቅ ለሚወድ የጎንደር ተመልካች ይህ አቀራረብ ቤተኛ ነው። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ቀልድ ከዜናው ጋር አብሮ ያረጃል፤ በዚያ ወቅት የተባለውን የማያስታውስ ወጣት ግማሹ ያመልጠዋል። ስለዚህ ዜና ለሚከታተልና የዚያን ጊዜ ሰዎች ለሚያስታውስ ሰው ምከሩት። በአመለካከት የተለያዩ እንግዶች ለተቀመጡበት የበዓል ቤት ከሆነ ግን ሌላ ምረጡ፤ ጨዋታ ብሎ የተጀመረው ነገር ክርክር ሆኖ ሊያድር ይችላልና።

ከውጭ ሥራዎች

የውጭ ኮሜዲ ሲመከር በሰውየው ሥራ በኩል መግባት መልካም ነው፤ ሰው የሚያውቀው ዓለም ሲበላሽ ሲያይ ቋንቋው ትንሽ ቢቸግረውም ይስቃል። ፒያሳ አካባቢ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ አንድ የማውቀው ወጣት እንግሊዝኛው ጥሩ ስለነበር «ፎልቲ ታወርስ»ን ሰጠሁት። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ሆቴል፣ እንግዳ የሚጠላ ባለቤት ያላት ናት፤ ስድስት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1975፣ ስድስት ክፍል በ1979 ተሠርቶ በ12 ብቻ አበቃ። ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ጽሑፉ ላይ የደከሙበት ድካም ይታያል፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተጣለች ትንሽ ውሸት በመጨረሻው ሆቴሉን ሙሉ ታናውጣለች። ወጣቱ በሁለት ቀን ጨርሶት «ይህንን እንግዳ እኔም አስተናግጄዋለሁ» አለኝ።

በዚሁ ሥራ ላይ ግን ከላይ ያነሣሁት ጥያቄ ይመለሳል። ማኑኤል የተባለው ስፔናዊ አስተናጋጅ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ይሳቅበታል፣ ይመታልም። በእኔ ሚዛን የሳቁ ትልቁ ክብደት የሚያርፈው ሊያናግረው በማይችለው ቁጡ ባለቤት ላይ ነው፤ ሆኖም ስለ ሌሎች ሕዝቦች የሚነገሩ፣ ዛሬ ጆሮ የሚያስቀይሙ ንግግሮችም ስላሉበት ይህን አስቀድሞ መናገር የመካሪው ግዴታ ነው።

ልጆችና አያቶች አብረው ለሚያዩበት ቤት ከ«ሚስተር ቢን» ቀጥሎ የማስበው እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረውን «አይ ላቭ ሉሲ»ን ነው። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ልጆቹን እንዳያርቃቸው፣ ሉሲና ጓደኛዋ ቸኮላት ፋብሪካ የሚቀጠሩበትን የእ.ኤ.አ. 1952 ክፍል አስቀድማችሁ አሳዩአቸው። ቸኮላቱ በተንቀሳቃሽ ቀበቶ እየመጣ ጠቅልለው ማሳለፍ ሲገባቸው ቀበቶው ይፈጥናል፤ ያልደረሱበትን አፋቸው ውስጥ፣ ቆባቸው ውስጥ፣ ልብሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ያለ አንድ ቃል ትርጉም ይገባል። ያ ተከታታይ በሦስት ካሜራ፣ ተመልካች ፊት፣ በፊልም ተቀርጾ ስለነበር ምስሉ እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ ቆይቷል፤ የሚሰማውም ሳቅ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡ ሰዎች የመጣ ነው። በሌሎች ብዙ የአሜሪካ ኮሜዲዎች የሚሰማው ግን ቻርልስ ዳግላስ የተባለ የድምፅ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሠራው መሣሪያ ከተስፋፋው ልማድ የመጣ፣ ከኋላ የተጨመረ ሳቅ ነው። ያልለመደ ሰው «ማን ነው የሚስቀው?» እያለ ይረበሻልና አንድ ቃል አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል።

ሳቅ የሌለበት፣ ካሜራው እንደ ዘጋቢ ፊልም ሠራተኞችን የሚከተልበት «ዘ ኦፊስ» ደግሞ የራሱን ተመልካች ይፈልጋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2001፣ አሜሪካኖች ደግሞ በ2005 ጀመሩት። ቀልዱ የሚነሣው አለቃው ራሱን ሲያዋርድ ሳያውቀው በመቅረቱ ነው። ይሉኝታ በሚከብድበት በእኛ ባህል ይህ ዓይነቱ ነገር ለአንዳንዱ ሰው አይቻልም፤ ባለቤቴ በሰውየው ፈንታ እያፈረች ሁለት ጊዜ ወደ ማዕድ ቤት ተነሥታ ሄዳለች። ቢሮ ለሚውልና ማፈርን ለሚችል ሰው የአሜሪካውን ስትመክሩ፣ ስድስት ክፍል ብቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ገና መልኩን ያልያዘ ስለሆነ ከሁለተኛው ምዕራፍ እንዲጀምር ንገሩት።

ከየት ይጀመር፣ እንዴትስ ይነገር?

በአጠቃላይ የኮሜዲ የመጀመሪያ ክፍል ገጸ ባሕርያቱን ለማስተዋወቅ ስለሚደክም ብዙ ጊዜ ከሁሉም ደካማው ነው። ድራማ ከመጀመሪያው መታየት አለበት፤ ኮሜዲ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ከተከታታዩ ስም ጋር አንድ የተወሰነ ክፍል ጥቀሱ፤ የሚቻል ከሆነም ፍላሽ ላይ ያንኑ ብቻ ጭናችሁ ስጡ። በዳታ የሚያይ ሰው ከሆነ የዩቲዩቡን ጥራት ወደ 360 ዝቅ እንዲያደርግ፣ እንዲሁም ከባለቤቶቹ ቻናል እንዲያይ ምከሩት፤ ሌሎች የሚጭኗቸው ቅጂዎች ድምፃቸው የተለወጠ፣ ምስላቸው የተገለበጠ ወይም መጨረሻቸው የተቆረጠ ሆነው ሰዓትም ገንዘብም ያስበላሉ።

ስትነግሩት ቀልዱን አትናገሩ። «ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ» የሚለውን ተስፋም አትስጡ፤ እንዲስቅ የታዘዘ ሰው ተቀናቃኝ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ ለአንዲት ጎረቤቴ ያልኋት ይህን ነበር፦ «እትዬ፣ ነገር የማይበዛበት የአንድ ሰውዬ ጨዋታ ነው፤ ንግግር ስለሌለው እማማም ትንሹም አብረው ያዩታል። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ያልቃል።» ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚታይና ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አወቀች፤ የቀረውን ራሷ ደረሰችበት።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ «ወደድሽው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማንም ይሉኝታ ያለው ሰው «አዎ» ይላል። «የት ላይ ደረሳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ክፍል ካላዩት ምርጫው አልሆነም ማለት ነውና ለምን እንደሆነ ሳትወቅሱ ስሙ፤ ቋንቋው ነው ወይስ ሰዓቱ ወይስ አብሮ የተቀመጠው ሰው? አምስትና ስድስት ክፍል ካዩ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ነገር ትጨምራላችሁ። ረጅም ዕድሜ ያላቸው ኮሜዲዎች ዋና ተዋናዮቻቸው ሲለቁ ወይም ደራሲዎቻቸው ሲለወጡ ይዳከማሉ፤ «ዘ ኦፊስ» እንኳ አለቃው ሆኖ የሚሠራው ስቲቭ ካሬል በሰባተኛው ምዕራፍ ከሄደ በኋላ ያው አልሆነም። የትኛው ምዕራፍ ላይ ቢያቆሙ እንደማይቆጫቸው ንገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ምሽት ሌላ ሥራ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።